«መዋለል»፣ «መሳብ»፣ «መንቀጥቀጥ»፣ «መላላት»፦ ስለ አንድ የተሽከርካሪ ብልሽት አሰያየም

የሙያ ቃል ዋና ተግባር አንዱን ነገር ከሌላው መለየት ነው። በሥነ ጽሑፍ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ ቢይዝ እንደ ጌጥ ሊቆጠር ይችላል፤ በጥገና መመሪያ ውስጥ ግን ሁለት ፍቺ ያለው ቃል የሠራተኛውን እጅ ወደ ተሳሳተ ክፍል ይመራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሳብ በአንድ ውሱን ምሳሌ ማብራራት ነው። ምሳሌው ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራ ፒክአፕ መኪና በአስፋልት አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲሄድ ቀጥታ መስመሩን መያዝ ተስኖት ወዲያና ወዲህ የሚልበት ብልሽት ነው። እንግሊዝኛው ይህን «ስቲሪንግ ዋንደር» ይለዋል። ተርጓሚው ለዚህ ሐረግ አቻ ሲሻ ወደ አእምሮው ቀድመው የሚመጡት ቃላት ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን የሌላ ብልሽት ስሞች ናቸው።

፩. ብልሽቱና አመጣጡ

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በአገራችን በየመሥሪያ ቤቱና በየእርዳታ ድርጅቱ በብዛት የሚታየውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 79 ፒክአፕ እንውሰድ። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አክስል ጫፍና ጫፍ ላይ የተተከሉ ናቸው። ይህ አሠራር ለድንጋይና ለጭቃ የሚመረጥበት ምክንያት ጥንካሬው ነው። ዳሩ ግን አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሁለተኛውም አብሮ ይዘማል፤ ከመሪው እስከ ጎማው ያለውም መንገድ በብዙ መጋጠሚያዎች የተቀጣጠለ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ሲያልቅ የሁሉም ጥቂት ተደምሮ ብዙ ይሆናል።

ይህ ድምር በኮረኮንች መንገድ ላይ የማይታይበትና በአውራ ጎዳና ላይ የሚገለጥበት ምክንያት በቀላል ስሌት ሊታወቅ ይችላል። የመሪው ክብ አግድመት 40 ሳንቲ ሜትር፣ የመሪውና የጎማው የመዞር ንጽጽር 18 ለ 1፣ በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 3.18 ሜትር ነው ብለን እንነሣ። በመሪው ጠርዝ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ እንቅስቃሴ ካለ፣ ጎማዎቹ ነጂው ሳያዝዛቸው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ሊዞሩ ይችላሉ። ግማሽ ዲግሪ የዞረ ጎማ መኪናውን 380 ሜትር ገደማ ሬዲየስ ባለው ቅስት ላይ ያስኬደዋል። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የጎማውን መለመጥ ሳንቆጥር፣ በ1 ሰከንድ ውስጥ ከቀጥታ መስመሩ የሚወጣው 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን በዚያችው 1 ሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይወጣል። ፍጥነቱ በሁለት እጥፍ ተኩል ሲጨምር ስሕተቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው።

እንግዲህ በገጠር መንገድ ዓመታት ያገለገለ መኪና በ2006 ዓ.ም. እንደ ተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ባለ ጎዳና ላይ ሲወጣ፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላስተዋለው ብልሽት በድንገት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ነጂው ቅሬታውን ለመካኒኩ የሚገልጽበት ቃልና በመመሪያው ውስጥ የተጻፈው ቃል መገናኘት የሚገባቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

፪. አራት ምልክቶች፣ አራት ቃላት

ነጂ «መሪው ልክ አይደለም» ሲል ከአራት ነገሮች አንዱን ማለቱ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው መሳብ ነው። መኪናው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ፣ ያደላል። የሁለቱ ጎማዎች ነፋስ አለመመጣጠን፣ በአንድ ወገን ያለ ፍሬን ይዞ መቅረት፣ የግራና የቀኝ ማዕዘኖች መለያየት ይህን ያመጣሉ።

ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው። መሪው በነጂው እጅ ውስጥ በፈጣንና በተመሳሳይ ምት ይርገበገባል። የጎማ ባላንስ መጓደል በተወሰነ ፍጥነት ላይ ይህን ያስከትላል፤ ወጥ አክስል ባለው መኪና ላይ ደግሞ መጋጠሚያዎች ሲያልቁ አንድ ጉድጓድ ብቻ ኀይለኛ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል።

ሦስተኛው መላላት ነው። ይህ መኪናው ቆሞም ይታወቃል፤ መሪው ጥቂት ሲዞር ጎማው አይንቀሳቀስም።

አራተኛው የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ነው። መኪናው ያለ ቋሚ ወገንና ያለ ቋሚ ምት፣ ቀስ እያለ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይሄዳል፤ ነጂውም ያለማቋረጥ ሲያርመው ይውላል።

የፍቺ ባሕርያትን ለይቶ በመተንተን ዘዴ ብንሄድ፣ አራቱን ለመለየት ሦስት ባሕርያት ይበቃሉ። እነርሱም ቋሚ ወገን፣ ቋሚ ምትና ቆሞ መታየት ናቸው። መሳብ ቋሚ ወገን አለው፣ ምት የለውም። መንቀጥቀጥ ምት አለው፣ ወገን የለውም። መላላት ሁለቱም የሉትም፤ ነገር ግን መኪናው ቆሞ ይታያል። አራተኛው ከሦስቱ ባሕርያት አንዱም የለውም፤ የሚታወቀው በጉዞ ላይ ብቻ ነው። ቃል ለማግኘት የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው፤ ሌሎቹ ባላቸው ሲለዩ እርሱ በሌለው ይለያል።

፫. ስለ ስያሜው

ከእንግሊዝኛው ሐረግ ሁለተኛው ቃል በተራ ንግግር ያለ ዓላማ መዞርን ያመለክታል። ለዚህ አማርኛ «መንከራተት» እና «መቅበዝበዝ» አሉት። ነገር ግን የሁለቱም ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ከመከራ፣ ሁለተኛው ከመንፈስ ዕረፍት ማጣት ጋር የተቈራኘ ነው። መኪና ተንከራተተ ቢባል አንባቢው የሚረዳው ከጋራዥ ጋራዥ መዞሩን ነው። «መዋዠቅ» ለነገሮችም የሚነገር ቢሆንም፣ በአሁኑ የጽሑፍ ልማድ ለገበያ ዋጋና ለመሳሰሉት ከፍና ዝቅ ማለት የተያዘ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ወደ ጎን የሚደረገውን ነው። «መወላወል» በሁለት አሳብ መካከል ቈርጦ አለመነሣትን ስለሚያመለክት ባለቤቱ ፈቃድ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል።

የቀረው «መዋለል» ነው። «ዋለለ» ልብም አሳብም አንድ ስፍራ አለመርጋታቸውን ለመግለጽ ይነገራል። የባለቤቱን መከራም ሆነ ፈቃድ አያስገድድም፤ ወገንም ምትም አያመለክትም። በሦስት ፊደል የቆመ ግስ ስለሆነ «ይዋልላል»፣ «ዋለለ»፣ «የሚዋልል» እየተባለ በመመሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ችግር ይረባል። ስለዚህ ለአራተኛው ምልክት ይህ ቃል ቢመደብ ተገቢ ነው እንላለን።

እዚህ ላይ ግን ከቃሉ ምርጫ የሚበልጥ ጥያቄ ይነሣል። የሚዋልለው ማን ነው? የእንግሊዝኛውን ሐረግ ቃል በቃል የተከተለ ተርጓሚ «የመሪ መዋለል» ይላል። ይህ አቻ በሁለት ምክንያት አይመከርም። አንደኛ፣ «መሪ» በአማርኛ የመኪናውን ማሽከርከሪያ ብቻ ሳይሆን ሕዝብን ወይም ሥራን የሚመራውንም ሰው ይጠራል፤ ሐረጉ ከዐውዱ ተነጥሎ በርእስ ወይም በማውጫ ላይ ሲታይ ስለ አንድ አለቃ ቈራጥነት ማጣት የተጻፈ ይመስላል። ሁለተኛውና ዋናው፣ የሚዋልለው መሪው አይደለም። መሪው በነጂው እጅ ተይዞ ሳለ ከመስመሩ የሚወጣው መኪናው ነው። ብልሽቱን በመሪ ስም መጥራት ምክንያቱን ሳይመረምሩ በመሪው ላይ መፍረድ ነው፤ ምክንያቱ በጎማው፣ በአክስሉ ወይም በጭነቱ አቀማመጥ ሊገኝ ይችላልና።

ብልሽቱን «የመሪ መላላት» ብሎ በምክንያቱ መሰየምም የባሰ ችግር አለው። መኪና መጋጠሚያው ሲላላ እንደሚዋልል ሁሉ፣ ሲጠብቅም ይዋልላል። የመሪ ሳጥኑ ብሎን ከልኩ በላይ ከጠበቀ ወይም ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ከደረቀ፣ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ መካከል አይመለስም። ነጂው መልሶ ያርመዋል፤ እርማቱ ያልፋል፤ እንደገና ያርማል። «መላላት» የተባለለትን ብልሽት ሊያጠብቅ የተነሣ መካኒክ በዚህ ጊዜ ጉዳቱን ያከፋዋል። ስለዚህ የምልክት ስም ምልክቱን ብቻ ሊናገር ይገባል፤ ምክንያቱን ማግኘት የምርመራው ድርሻ ነው። በዚህ መሠረት የምናቀርበው ስያሜ «የአቅጣጫ መዋለል» ሲሆን፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ ዘወትር «መኪናው» ይሁን፤ «መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ ይዋልላል» ይባል።

፬. ስለ ክፍሎቹ ስሞች

የጋራዥ አማርኛ ከጣሊያንኛ የወሰዳቸውን እነ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎንና ካቻቢቴን ከተቀበለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እነዚህን በአዲስ ፍጥር ቃል መተካት ሠራተኛውን ከመመሪያው መለየት ይሆናል። አዲስ ስም የሚያስፈልገው የተለመደው ቃል በሌለበት ወይም አንዱን ከሌላው በማይለይበት ቦታ ነው።

ለምሳሌ፣ በላንድ ክሩዘር 79 የፊት አክስል አካባቢ ከጎን ወደ ጎን የተጋደሙ ዘንጎች አሉ። ሁሉም «አግዳሚ ዘንግ» ቢባሉ ስሙ እውነት ነው፤ ግን አይለይም። ስለዚህ በሥራቸው ቢጠሩ ይሻላል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች እርስ በርስ የሚያገናኘው «አያያዥ ዘንግ»፣ የመሪ ሳጥኑን እንቅስቃሴ ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው «አድራሽ ዘንግ»፣ አክስሉ ከሻንሲው ሥር ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚከለክለው «ከልካይ ዘንግ» ሊባሉ ይችላሉ።

የመጨረሻው ለተርጓሚ ልዩ ወጥመድ አለበት። ይኸው አንድ ክፍል በአንዱ የእንግሊዝኛ መመሪያ በፈረንሳዩ የመኪና ፋብሪካ ስም «ፓንሃርድ ሮድ»፣ በቶዮታ መመሪያዎች «ላተራል ኮንትሮል ሮድ»፣ በአሜሪካ ጽሑፎች «ትራክ ባር» ተብሎ ይጠራል። ቃል በቃል የተረጐመ ሰው አንዱን ዘንግ ሦስት ያደርገዋል። በአንጻሩ፣ ከ79 በፊት የነበረው 75 ፒክአፕ የፊት አክስሉ በባሌስትራ የተያዘ ስለነበር አክስሉን በስፍራው የማቆም ሥራ የባሌስትራው ነው። የሁለቱን ሞዴሎች መመሪያ የሚተረጉም ሰው ምልክቱን በአንድ ስም ሲጠራ፣ ምልክቱ የሚያመለክተው ክፍል ግን የተለያየ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ማዕዘኖችን በሚመለከት፣ ጋራዦች «ካስተር»፣ «ካምበር» የሚሉትን ይዘው ይሠራሉ፤ ሆኖም ተማሪ ከስሙ ነገሩን ሊረዳ አይችልም። ካስተር ጎማው ለመታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ራስ ወደ ኋላ የዘመመበት መጠን ነው። ምሰሶው እንዲህ ሲዘም፣ መስመሩ ወደ ታች ቢቀጠል መሬትን የሚነካው ጎማው መሬት ከሚረግጥበት ነጥብ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ጎማው ከምሰሶው ኋላ ይጎተታል፤ ተጎታችም ጎታቹን ስለሚከተል ወደ ቀጥታ መስመር ይመለሳል። ብስክሌትን እጅ ለቆ መንዳት ከሚያስችሉት ምክንያቶች አንዱ የፊት ሹካው እንዲህ መዝመሙ ነው። ለዚህ «የኋሊት ዘመም ማዕዘን» የሚለው ስም ነገሩን ይገልጣል። ከዚያው ዘር የሚገኘው «ዝማሜ» ከሁሉ ያጠረ ቢሆንም፣ በቤተ ክርስቲያን የዜማ ሥርዐት ከመቋሚያ ጋር የሚደረገውን እንቅስቃሴ የሚሰይም የታወቀ ቃል ስለሆነ እርሱን መውሰድ አይገባም። «ዝንባሌ» ደግሞ በአሁኑ አማርኛ የፍላጎትና የጠባይ ስም ሆኗል።

የሁለቱ የፊት ጎማዎች ርቀት ከፊታቸው ሲለካና ከኋላቸው ሲለካ ያለው ልዩነት «የፊት ጥበት» ወይም «የፊት ስፋት» ሊባል ይችላል። ሁለቱ ቃላት ተቃራኒዎች መሆናቸው ብቻ ሳይሆን የሚለካውንም ነገር መናገራቸው ጥቅም አለው። የፊት ስፋት ያለው መኪና፣ እያንዳንዱ ጎማ ወደየራሱ ወገን ሊሄድ ስለሚሻ፣ ለመዋለል የተጋለጠ ነው። ጥቂት የፊት ጥበት ግን ያረጋጋዋል።

«ስቶክ» የሚለው ቃልም ሳይጠቀስ አይታለፍም። በንግድ ጽሑፍ የዕቃ ክምችት ማለት ሲሆን፣ ስለ መኪና ሲነገር ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለ፣ ያልተለወጠ ማለት ነው። «የክምችት ፒክአፕ» ብሎ የተረጐመ ሰው የሚያጠፋው ፍቺውን ብቻ አይደለም። ባልተለወጠ መኪና ላይ የኋሊት ዘመም ማዕዘን ካልታጠፈ ወይም ካላለቀ ክፍል በቀር ከልኩ የሚወጣበት ምክንያት ጥቂት ነው። ሱስታው ተለውጦ ከፍ እንዲል በተደረገ መኪና ላይ ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ይኸው ማዕዘን ነው። አንዲቱ ቅጽል የምርመራውን ቅደም ተከተል ትለውጣለች።

፭. የምርመራው ቅደም ተከተል በአማርኛ

ከላይ የቀረቡት ስሞች ያገለግሉ እንደ ሆነ ለማየት የምርመራውን ሂደት በእነርሱ እንጻፍ።

መኪናው የሚዋልል ከሆነ በመጀመሪያ የጎማዎቹ ነፋስ በቀዝቃዛነታቸው ይለካ፤ ልኩም በመኪናው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ጋር ይነጻጸር። የጎማዎቹ ዐይነትና አበላላቸው ይታይ፤ ጥርሱ ረዥም የሆነ የጭቃ ጎማ በአስፋልት ላይ ስለሚለመጥ ለብቻው ሊያዋልል ይችላል። ከኋላ ጫፍ ላይ የበዛ ጭነት ካለ የፊቱን አክስል ስለሚያቀልለው ጭነቱ ይስተካከል።

ሁለተኛ፣ መኪናው በጎማዎቹ እንደ ቆመ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ ያዙር፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ከመሪ ሳጥኑ ጀምሮ አድራሽ ዘንጉን፣ አያያዥ ዘንጉን፣ የከልካይ ዘንጉን ጫፎች በየተራ ይመልከት። አንደኛው ክፍል ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ከዘገየ ልልነቱ በመካከላቸው ነው። የከልካይ ዘንጉ ቡሽ ካለቀ መሪው ሲዞር አክስሉ ራሱ ወደ ጎን ሲሸሽ ይታያል።

ሦስተኛ፣ የፊቱ አክስል በክሪክ ተነሥቶና በድጋፍ ላይ ዐርፎ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። የሚነቃነቅ ከሆነ የጎማው ወይም የመዞሪያ ምሰሶው ኩሽኔታ ይመርመር። ጎማው እጅግ ከብዶ የሚዞር ከሆነ ደግሞ መድረቅ ይጠርጠር።

አራተኛ፣ ያለቁት ከተለወጡ በኋላ የፊት ጥበትና የኋሊት ዘመም ማዕዘን በመለኪያ ይረጋገጡ። ያለቀ መጋጠሚያ እያለ ማዕዘን ማስተካከል ከንቱ ነው፤ ልኩ መንገድ ላይ ሲወጡ ይለወጣልና።

የመሪ ሳጥኑን ብሎን ማጥበቅ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ እርሱም በመመሪያው ልክ ብቻ ይደረግ።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ያልተጠራ አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም የመሪ ንዝረት አብራጅ ነው። መንቀጥቀጥን ያበርዳል፤ መዋለልን ግን አያድንም። ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ቃል የጠራ መመሪያ ባለመኪናውን አዲስ አብራጅ አስገዝቶ ያለቀውን መጋጠሚያ እንደ ነበረ ይተወዋል። መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይሸፈናል፤ መኪናውም ዳነ ተብሎ ወደ አውራ ጎዳና ይመለሳል። የአንድ ቃል ስሕተት ከአንድ ሜትር የመስመር ስሕተት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

፮. የቀረቡ ስያሜዎች

የአቅጣጫ መዋለል፦ መኪና በቀጥታ ጉዞ ላይ ያለ ቋሚ ወገንና ያለ ቋሚ ምት ከመስመሩ መውጣትና መመለስ።
መሳብ፦ መኪና ዘወትር ወደ አንድ ወገን ማድላት።
መንቀጥቀጥ፦ መሪ ወይም የፊት ጎማ በፈጣንና በተመሳሳይ ምት መርገብገብ።
ባዶ ዙር፦ መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ የሚዞረው መጠን፤ በመሪው ጠርዝ ላይ ይለካል። «ጨዋታ» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉም አይመከርም።
ልልነት፦ በአንድ መጋጠሚያ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለ ትርፍ እንቅስቃሴ፤ የባዶ ዙር አንዱ ምክንያት።
ከልካይ ዘንግ፦ አክስልን ከሻንሲ ጋር አያይዞ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚያደርግ ዘንግ።
የኋሊት ዘመም ማዕዘን፦ የጎማ መዞሪያ ምሰሶ ራስ ከቀጥታ ቁመት ወደ ኋላ የዘመመበት መጠን በዲግሪ።
የፊት ጥበት፣ የፊት ስፋት፦ የሁለት ጎማዎች ርቀት ከፊት ሲለካ ከኋላው ማነሱ ወይም መብለጡ።
ንዝረት አብራጅ፦ የመሪን መንቀጥቀጥ የሚያበርድ ክፍል።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። የሚፈተኑበትም መንገድ ቀላል ነው፤ ተርጓሚው የጻፈውን ዐረፍተ ነገር መኪና ሥር ለተኛ መካኒክ ያንብብለትና እጁ በመጀመሪያ የሚነካውን ክፍል ይመልከት። እጁ ሊነካ የሚገባውን ክፍል ከነካ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል፤ ሌላ ክፍል ከነካ ግን ቃሉ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ይለወጥ።